ደጀን ብቻውን

የመጀመሪያውን ዓመት ሙሉ የተሸነፍኩት የባላጋራዬን ጦር እያረገፍኩ ነው። በአምስተኛው ዙር መጨረሻ ጠረጴዛውን ስቃኝ ታንኮቼ በሙሉ ቆመዋል፤ ከእሱ ሠራዊት የተረፈው ሁለት ሦስት የተመናመነ ቡድን ነው። ነጥቡ ሲደመር ግን አሸናፊው እሱ ነው። ተናድጄ ስነጫነጭ ወዳጄ የነጥብ መመዝገቢያውን ወደ እኔ ገፋ አድርጎ፣ «ወረቀቱ እኮ ስንት ገደልክ ብሎ አይጠይቅህም» አለኝ። እሱ ይህን ካለኝ ቆይቷል፤ እኔ ግን በደንብ የገባኝ ብዙ ከተሸነፍኩ በኋላ ነው።

ጨዋታው ዋርሃመር 40,000 ነው። ሪክ ፕሪስትሊ የጻፈው፣ ጌምስ ወርክሾፕ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1987 ያወጣው የጠረጴዛ ጦርነት። ገጣጥመን፣ ቀለም ቀብተን ያዘጋጀናቸውን ትንንሽ ወታደሮች 60 በ44 ኢንች በሆነ ሜዳ ላይ በሜትር እየለካን እናንቀሳቅሳለን፤ ቀሪውን ዳይስ ይወስናል። የእኔ ሠራዊት አስትራ ሚሊታረም ይባላል። ሌሎቹ ሠራዊቶች ግዙፍ ጀግኖች፣ ጭራቆች፣ በሰማይ የሚዘሉ ተዋጊዎች ሲኖሯቸው የእኔዎቹ ተራ ሰዎች ናቸው። ብርታታቸው ከኋላቸው በተደረደሩት ታንክና መድፎች ላይ ነው። ስለዚህም ይህን ሠራዊት የሚይዝ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚሠራው አንድ ዓይነት ስህተት ነው፦ ከኋላ ጠርዝ ላይ ይደረድረዋል፣ ይተኩሳል፣ ንቅንቅ አይልም።

እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣው አሥረኛው እትም ውድድር ላይ ከፍተኛው ውጤት 100 ነው። 50ው በዋነኛነት ቁልፍ ቦታዎችን ከመያዝ ይገኛል፤ 40ው በየዙሩ ከሚወጡ ትንንሽ ግዳጆች፤ 10ሩ ደግሞ ሠራዊቱን ቀለም ቀብቶ በማቅረብ። ሜዳው ላይ አብዛኛውን ጊዜ አምስት ቁልፍ ቦታዎች አሉ፤ እያንዳንዳቸው 40 ሚሊ ሜትር ስፋት ባላት ክብ ምልክት ይታወቃሉ። በጣም በተለመደው ግዳጅ ከሁለተኛው ዙር ጀምሮ የያዝከው እያንዳንዱ ቦታ 5 ነጥብ ይሰጥሃል፤ በአንድ ተራ ግን ከ15 አይበልጥም።

ዋናው ነገር የሚቆጠርበት ሰዓት ነው። ነጥቡ አብዛኛውን ጊዜ የሚቆጠረው የራስህ ተራ ሲጀምር፣ በትእዛዝ ምዕራፉ መጨረሻ፣ አንዲት እርምጃ እንኳ ሳትራመድ ነው። ስለዚህ ቦታው ላይ መድረስ ብቻውን ምንም አያስገኝም። ደርሰህ፣ የባላጋራህን ተራ በሙሉ እዚያው ተቋቁመህ ማደር አለብህ። ዘግይቶ ተነስቶ በሁለተኛው ዙር የደረሰ ሠራዊት ነጥብ የሚያገኘው በሦስተኛው ነው፤ ጨዋታው ደግሞ አምስት ዙር ብቻ ነው።

ይህንን ያስተካከለልኝ አንድ የራሳችን ቃል ነው። ስጫወት በልቤ የማስበው በአማርኛ ስለሆነ፣ ከኋላ የደረደርኳቸውን መድፎች «ደጀን» እላቸው ነበር። አንድ ቀን ሳሰላስል ቃሉ ራሱ ጠየቀኝ፦ ደጀን የማን? ደጀን የሚባለው ከፊቱ የሚደግፈው ግንባር ሲኖር ነው። የእኔ ጠረጴዛ ላይ ደጀን እንጂ ግንባር አልነበረም። እግረኞቹን የመድፍ አጥር አድርጌ ከታንኮቹ እግር ሥር ኮልኩያቸው ነበር፤ ማለትም ግንባሩ የደጀኑ ደጀን ሆኖ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሠራዊቴን ሳሰልፍ የመጀመሪያ ሥራዬ ሜትሩን አውጥቶ ከመሃለኛው ምልክት እስከ መሰለፊያ መስመሬ መለካት ሆነ። ሁለቱ ሠራዊቶች በጠባቡ ጠርዝ በኩል 18፣ 18 ኢንች ይዘው ሲሰለፉ በመካከል 24 ኢንች ባዶ ሜዳ ይቀራል፤ የመሃሉ ምልክት እምብርት ከመስመሬ 12 ኢንች ይርቃል ማለት ነው። ቦታውን ለመያዝ ከምልክቱ ጠርዝ 3 ኢንች ውስጥ መግባት ይበቃል። የምልክቱ ግማሽ ስፋት ሲቀነስ ወታደሬ መሄድ ያለበት ከ8 ኢንች ትንሽ የሚበልጥ ነው። ካዲያ የሚባለው እግረኛዬ በአንድ ተራ 6 ኢንች ይሄዳል። ቢሮጥ አንድ ዳይስ ይጨመርለታል፤ 3ና ከዚያ በላይ ከወጣ ይደርሳል፣ 1 ወይም 2 ከወጣ ይቀራል። መኮንኑ ፈጥናችሁ ተንቀሳቀሱ የሚለውን ትእዛዝ ከሰጠው ግን 3 ኢንች ይጨመርለትና ያለ ምንም ዳይስ፣ በመጀመሪያው ዙር፣ መሃል ይገባል። ቀርፋፋ ነው ስንለው የኖርነው ሠራዊት ማለት ነው። ቀርፋፋው እኔ ነበርኩ።

ለዚህ ግን መኮንኑ ከእግረኞቹ ጋር መሆን አለበት። እኔ ለዓመት ያህል መኮንኖቼን ሁሉ የታንክ ተኩስ ለማሳመር ከኋላ አስቀርቼ ነበር። አሁን ቢያንስ አንዱ ከፊተኛው ቡድን ጋር ይሄዳል፤ ተኩሴ በመጠኑ ቢቀንስም አይቆጨኝም።

ከደረሱ በኋላ እንዴት እንደሚቆሙ ደግሞ ከሁሉ በላይ የምወደው የዚህ ጨዋታ ጥበብ ነው። በአሥረኛው እትም ፍርስራሽ ሕንፃ ዓይን ይከልላል፤ ወዲያ ማዶ ያለውን አሻግረህ ማየት አትችልም። ቦታን መያዝ ግን ማየት አይጠይቅም፤ 3 ኢንቹ ግድግዳ ጥሶ ይቆጠራል። ስለዚህ ቡድኑን በሙሉ ከፍርስራሹ ጀርባ አስጠግተህ፣ የሁለት ወታደሮች መቆሚያ ብቻ 3 ኢንቹን እንዲነካ ታደርጋለህ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። አንድ ሰው እንኳ ከታየ ተኩሱ የሚያርፈው በመላው ቡድን ላይ ነው፤ ያልታዩትም ይሞታሉ። አንድ ጫማ ከግድግዳ በመውጣቱ አሥር ሰው ያጣሁበትን ቀን አልረሳውም።

ባላጋራህ ያኔ ምን ያደርጋል? ተደብቀህ የያዝከውን ቦታ ሊያስለቅቅህ ከመሸሸጊያው ወጥቶ መምጣት አለበት። የማይንቀሳቀስ ሠራዊት ትልቁ ችግር መድፉ ጠላትን ፍለጋ መሄድ አለመቻሉ ነው፤ ቁልፍ ቦታው ግን ጠላትን ወደ መድፉ ይጠራዋል። ባሲሊስክ የሚባለው መድፍ 240 ኢንች ይተኩሳል፤ የጠረጴዛው ርዝመት 60 ብቻ ነው። ርቀት አላጣሁም ነበር። ያጣሁት ጠላት ሊመጣበት የሚገባውን ቦታ ነው። አሁን ታንኮቼን ሳቆም የትኛውን ጠላት እንደሚያዩ ሳይሆን የትኛውን ምልክት እንደሚያዩ ነው የምመለከተው። ቢያንስ አንድ ምልክት የማያይ ታንክ ቦታው ተሳስቷል።

የምተኩስበትም ተለወጠ። ድሮ ዓይኔ የሚያርፈው በጣም ውድ በሆነው ጭራቅ ላይ ነበር፤ እሱን መጣል ደስ ይላል። አሁን የምጠይቀው የሚቀጥለው ቆጠራ ላይ ቦታዬን የሚቀማኝ ማን እንደሆነ ነው። ብዙ ጊዜ መልሱ አምስት ስማቸው የማይነሳ ሰዎች ናቸው።

ቆጠራው የሚሠራው በሰው ቁጥር መሆኑም ለእኛ ያደላል። እያንዳንዱ ተዋጊ ቦታ የመቆጣጠር ዋጋ አለው፤ የካዲያ እግረኛ 2፣ ከባድ ጋሻ የለበሰው ተርሚኔተር 1። አምስት ተርሚኔተሮች በድምሩ 5 ሲሆኑ አሥር ካዲያዎች 20 ናቸው። ተርሚኔተሮቹ ገብተው ስድስቱን ቢገድሉብኝ እንኳ የቀሩት አራቱ 8 ይዘው ቦታው የእኔ ነው። ነገር ግን እዚሁ ላይ መራራ ነገር አለ። ከግማሽ በታች የወረደ ቡድን ተራዬ ሲጀምር ወኔው በሁለት ዳይስ ይፈተናል። 7ና ከዚያ በላይ ካልወጣ ዋጋው ዜሮ ይሆናል፤ በዚያው ደቂቃ ነጥቡ ይቆጠራል፤ ቦታው ላይ ቆመው ሳለ እንዳልነበሩ ይሆናሉ። ከ36ቱ ዕድሎች 21ዱ ብቻ ናቸው የሚያወጡህ። ስለዚህ አንድ ቡድን ብቻውን አይላክም። ሁለተኛው ከ6 ኢንች ባልራቀ ርቀት ይከተለዋል፤ የመጀመሪያው ሲሳሳ እሱ ይገባል። ኪሜራ የሚባለው ተሽከርካሪ 10 ኢንች ሄዶ 3 ኢንች ውስጥ ሰው ማውረድ ስለሚችል፣ ለተተኪው ቡድን ከእሱ የተሻለ አላገኘሁም።

ስለ ኋላው ሜዳ ብዙ የምለው የለም። ከሰማይ የሚወርድ ጠላት ከማንኛውም ወታደርህ ከ9 ኢንች በላይ ርቆ ማረፍ ስላለበት፣ አንድ ሁለት ቡድን በሰፊው ዘርግተህ ማረፊያ ማሳጣት ነው።

ኤች ጂ ዌልስ እ.ኤ.አ. በ1913 «ሊትል ዎርስ» በሚል ርዕስ ባሳተመው መጽሐፍ ለአሻንጉሊት ጦርነት ሕግ አውጥቶ ነበር። መድፎቹ እውነተኛ ስፕሪንግ ያላቸው፣ እንጨት የሚወረውሩ ነበሩ። ከሕጎቹ አንዱ፣ በ6 ኢንች ውስጥ ቢያንስ አራት ሰው አጠገቡ ከሌለ መድፉ አይሠራም የሚል ነው። ሕጉን ሳነበው መድፎቼን ብቻ ያየሁበትን ዓመት አስቤ ዝም አልኩ።

ጦርነትን ከሚያውቅ አገር መጥተህ ጦርነት ትጫወታለህ ወይ ብለው የሚጠይቁኝ ዘመዶች አሉኝ። ጥያቄው ያሳስበኛል፤ እንደ ቀላል አላልፈውም። የምመልሰው እግረኞቹን እያሳየሁ ነው። ድሮ ርካሽ ናቸው ብዬ አንድ ቀለም ነክሬ አልፋቸው ነበር፤ መቆሚያቸውን እንኳ አልጨረስኩም። መሃሉን መያዝ ከጀመሩ ወዲህ በየምሽቱ እየተቀመጥኩ የእያንዳንዳቸውን ፊት፣ ቅንድብ፣ የቆብ ጠርዝ ሠራሁ። አንዱን ሻምበሌን ጠይም አድርጌዋለሁ።

ባለፈው ከዚያው ወዳጄ ጋር ስንጫወት ሁለተኛ ሆኜ ነው የጀመርኩት። በአራተኛው ዙር መሃል ላይ ሦስት ሰው ቀርቶኝ ነበር። በ12 ኢንች የሚዘሉት የወዳጄ ቀያይ ተዋጊዎች፣ ብለድ ኤንጅልሶቹ፣ ቀደም ባለው ዙር ፍርስራሹን ዞረው ገብተው ሌሎቹን ገድለውብኝ ነበር፤ ሁለቱም ታንኮቼ ያንን ምልክት ስለሚያዩ ግን በዚያ ዙር ተራዬ ጠራርገዋቸዋል። ተራዬ ደረሰ። ዳይሶቹን አንስቼ ሳልጥል ቆየሁ፤ ወዳጄም ከወንበሩ ተነስቶ ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ አለ። አራትና ሦስት ወጣ።

«ቆሙልህ» አለ፤ ወረቀቱን ወደ ራሱ ስቦ 5 ጻፈልኝ።