ሃያ አምስት ሣጥኖች

መስቀለኛ ቃላት፣ ማለትም በአግድምና በቁልቁል የሚጻፉ መልሶች ፊደል እየተጋሩ ሣጥኖችን የሚሞሉበት ጨዋታ፣ በዛሬው መልኩ የተጀመረው የእንግሊዝ ተወላጁ ጋዜጠኛ አርተር ዊን በ1913 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ ወርልድ ጋዜጣ ላይ ባወጣው የአልማዝ ቅርጽ ያለው ሰንጠረዥ ነው። ኒው ዮርክ ታይምስ በ1924 ጨዋታውን ጊዜ ማባከኛ ብሎ ቢያጣጥልም በ1942 የራሱን ማተም ጀመረ፤ በ2014 ደግሞ ጆኤል ፋግሊያኖ ያዘጋጀውን፣ አብዛኛውን ጊዜ አምስት በአምስት የሆነውን ትንሹን ዕለታዊ ሰንጠረዥ አስከተለ።

የትንሹ ሰንጠረዥ ውበት ከማነሱ ይመነጫል። ጥቁር ሣጥኖቹ ጥቂት በመሆናቸው እያንዳንዱ ፊደል ማለት ይቻላል በሁለት አቅጣጫ ይፈተሻል፤ ስለዚህ ፈቺው አንድን የአግድም መልስ ጨርሶ ባያውቀው እንኳ ቁልቁል የሚወርዱት መልሶች ፊደል በፊደል ያቀብሉታል፣ አዘጋጁም ደካማ ቃል የሚሸሽግበት ጥግ አያገኝም። ፈቺው መልሱን ከቀረቡለት አማራጮች የሚመርጥ ሳይሆን ከገዛ ትዝታው ቆፍሮ የሚያወጣ በመሆኑ፣ የወደደውንም የመጀመሪያ ግምት መሻገሪያው ፊደል ሲቃወመው መተው ስላለበት፣ የአእምሮ ልምምድነቱ እውነተኛ ነው። ጨዋታው የእርጅናን መርሳት ይከላከላል የሚለው ተስፋ ግን ማስረጃውን የቀደመ ይመስላል፤ ደስታው ራሱ በቂ ምክንያት ነው።

በግዕዝ ፊደል ሲሆን ጨዋታው ይጠብቃል፦ አንድ ሣጥን ተነባቢውንና አናባቢውን አንድ ላይ ስለሚይዝ፣ የሚሻገሩት ቃላት የ«ለ»ን ተነባቢ መጋራታቸው አይበቃም፣ «ሉ» ወይም «ላ» መሆኑም መግጠም አለበት።