የሚሮጥ ከበሮ፣ የማይቸኩል ድምፅ

«ዎኪንግ ዉንድድ» በ1996 (እ.ኤ.አ.) የወጣ አልበም ነው፤ ባለቤቶቹ ኤቭሪቲንግ በት ዘ ገርል የተባሉት እንግሊዛውያን ጥንዶች ትሬሲ ቶርንና ቤን ዋት ናቸው። በ1980ዎቹ የሚታወቁት በጊታርና በጃዝ ቃና በለዘቡ ዘፈኖች ነበር። ዋት በ1992 በጽኑ ታሞ ለጥቂት ከሞት ተረፈ። ከሁለት ዓመት በኋላ ቶርን ከብሪስቶሎቹ ማሲቭ አታክ ጋር ዘፈነች፤ ቀጥሎ ዲጄው ቶድ ቴሪ «ሚሲንግ» የተባለውን የጥንዶቹን ዘፈን በሪሚክስ የጭፈራ ቤት ዘፈን አደረገላቸው።

በዚህ አልበም የሞከሩት ጃንግል የተባለው የጭፈራ ሙዚቃ ግን ሌላ ነገር ነው። የድሮ የፈንክ ከበሮ ምቶች እየተቆራረጡ በደቂቃ 160 ምት ገደማ ይጋልባሉ፤ ከሥር ያለው ባስ ደግሞ የሬጌን እርጋታ ይዞ በግማሽ ፍጥነት ይሄዳል። አብዛኛው አድማጭ ከበሮውን ነው የሚሰማው። ቶርን የሰማችው ባሱን ነው! ስፕሪንግ ሂል ጃክ የተባሉት ሙዚቀኞች አብረው በሠሩት የአልበሙ መጠሪያ ዘፈን ላይ ከበሮው እንደ ክረምት ዝናብ ቆርቆሮ ሲደበድብ፣ እሷ ቃሉን ሳብ እያደረገች፣ ትንፋሿን ሳታፋጥን ታንጎራጉራለች። ፍቅር ያቆሰለውን ሰው ሁለት ሰዓቶች በአንድ ልብ ውስጥ አስቀመጠች፦ የሚጣደፈው ሐሳብና የማይንቀሳቀሰው አካል።

«ሲንግል» በተባለው ዘፈን ላይ ያ ሁሉ ሩጫ ይቀርና ምቱ ዝግ ይላል፤ ብቸኝነቱ ያኔ ይብስበታል። ለእኔ የአልበሙ ቁንጮ ይኸው ነው። መጨረሻ ላይ የተጨመሩት ሪሚክሶች ባይኖሩ ግን ቅር አይለኝም ነበር።