የመውለድ አቅምን ስለመጠበቅ የወጣው መመሪያ ከጉባ ሲነበብ

የአሜሪካ ክሊኒካል ኦንኮሎጂ ማኅበር የካንሰር ሕሙማንን የመውለድ አቅም ስለመጠበቅ እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣውና በ2013፣ በ2018 እና በ2025 ያሻሻለው መመሪያ በመስኩ በስፋት ከሚጠቀሱት ሰነዶች አንዱ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ መመሪያውን በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ በመተከል ዞን፣ በጉባ ወረዳ በሚሠራ የጤና ባለሙያ ዓይን መመርመር ነው። በዚያ ወረዳ ለምትታመም ወጣት ሴት የሚጠቅመው ክፍል የትኛው ነው? የሚጎድለውስ ምንድን ነው?

እንደሚታወቀው አንዲት ሴት ይዛው በምትወለደው የእንቁላል ክምችት ላይ ሐኪም ሊጨምርበት የሚችለው ነገር የለም። ሳይክሎፎስፋማይድን የመሳሰሉ መድኃኒቶችና በዳሌ አካባቢ የሚሰጥ ጨረር ይህንን ክምችት ያሟጥጣሉ። ጉዳቱ ከመድረሱ በፊት በስፋት የሚሠራባቸው ሁለት መንገዶች አሉ፤ አንደኛው የተዳቀለ ሽልን፣ ሁለተኛው ያልተዳቀለ እንቁላልን አቀዝቅዞ ማቆየት ነው። ቀዝቅዞ ከቆየ ሽል የመጀመሪያዋ ሕፃን በ1984 እ.ኤ.አ. በአውስትራሊያ ተወለደች። ከቀዘቀዘ እንቁላል የተገኘው የመጀመሪያ ልደትም ከሁለት ዓመት በኋላ ከዚያው አገር ተዘገበ። ይሁንና እንቁላል ብዙ ውኃ የያዘ ትልቅ ሴል በመሆኑ በዝግታ ሲቀዘቅዝ የሚፈጠረው የበረዶ ቅንጣት ያበላሸው ነበር። ቪትሪፊኬሽን የተባለው እጅግ ፈጣን የማቀዝቀዝ ዘዴ ችግሩን ካቃለለ በኋላ የአሜሪካ የሥነ ተዋልዶ ሕክምና ማኅበር በ2012 «የሙከራ» የሚለውን ስያሜ ከእንቁላል ላይ አነሣ። የኦንኮሎጂ ማኅበሩም በቀጣዩ ዓመት ይህንኑ ተቀበለ።

በ2013ቱ መመሪያ ውስጥ እንደ ጸሐፊው እምነት ከዚህ የሚበልጥ ሌላ ለውጥ አለ። ቀደም ሲል ኦንኮሎጂስቱን ይመለከት የነበረው ሕመምተኛዋን የማሳወቅ ኃላፊነት «የጤና ባለሙያ» በሚል አነጋገር ነርሶችን ጭምር እንዲያካትት ተደረገ። ኦንኮሎጂስት በሌለበት ወረዳ ይህ የአንድ ቃል ለውጥ ቀላል አይደለም። የመንኩሽ ጤና መኮንን ወይም አዋላጅ ነርስ ጉዳዩ እንደሚመለከታቸው በግልጽ ይነግራቸዋልና።

የመጀመሪያው ጉድለት የሚታየው እዚህ ላይ ነው። መመሪያው ባለሙያው ጉዳዩን አንሥቶ ፈቃደኛ የሆነችውን ታካሚ ቶሎ ወደ ስፔሻሊስት እንዲልክ ያዛል። ነገር ግን «ቶሎ» የሚለው ቃል ምርመራውም፣ ኦንኮሎጂስቱም፣ የመካንነት ክሊኒኩም በአንድ ከተማ ውስጥ እንዳሉ የሚገምት ይመስላል። ኦቫሪን በመርፌ አነቃቅቶ እንቁላል ለማውጣት ሁለት ሳምንት ያህል ያስፈልጋል። ዛሬ የወር አበባን መጠበቅ ግድ ባይሆንም ሁለቱ ሳምንታት አይቀሩም። ጡቷ ላይ እብጠት ያገኘች የጉባ ሴት ከጤና ጣቢያ ወደ ፓዌ ሆስፒታል፣ ከዚያም ወደ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ትላካለች። የፓቶሎጂ ውጤት ደርሶ ኦንኮሎጂስት ፊት ስትቀርብ በሽታው ገፍቶ ሕክምናውን ማዘግየት አደገኛ ሊሆን ይችላል። በአገራችን የጡት ካንሰር ብዙ ወጣት ሴቶችን የሚያጠቃና ዘግይቶ የሚታይ መሆኑ ነገሩን ያከብደዋል። በመሆኑም ጥያቄው መነሣት ያለበት የመጀመሪያው የሪፈር ወረቀት ሲጻፍ ነው። ዕድሜዋ፣ የልጆቿ ብዛትና ወደፊት የመውለድ ፍላጎቷ በአንድ መስመር ቢሰፍር ተቀባዩ ሐኪም ቀን ሳያባክን ያስብበታል።

ሁለተኛው ጉድለት የሽልና የእንቁላልን ምርጫ ይመለከታል። ሰነዱ ሁለቱንም የተረጋገጡ ዘዴዎች አድርጎ ያቀርባል፤ ምርጫውን የምታደርገው ሴት ግን ብቻዋን የምትወስን ግለሰብ እንደሆነች ያስባል። በጉሙዝ ማኅበረሰብ ለረዥም ዘመን በኖረው የእህት ልውውጥ ጋብቻ አንዱ ትዳር ሲናጋ ሌላውም አብሮ ይናጋል። ስለዚህ የአንዲት ሴት መካንነት የሁለት ቤተሰብ ጉዳይ ሊሆን ይችላል። ሽል የሚገኘው ከባልየው ዘር ጋር ተዳቅሎ በመሆኑ ትዳሩ ቢፈርስ ዕጣው አጠያያቂ ይሆናል። ያልተዳቀለ እንቁላል ግን የእርሷው ብቻ ሆኖ ይቆያል። ይህ ልዩነት ያላገባችውን ብቻ ሳይሆን ያገባችውንም ስለሚመለከት ሊብራራላት ይገባል። ምክሩ በምትናገረው ቋንቋ፣ ለብቻዋና የባሏ ዘመድ ባልሆነ አስተርጓሚ ካልተሰጠ ፈቃዷ የእርሷ ፈቃድ ነው ለማለት ያስቸግራል።

ሦስተኛው ነጥብ የቴክኒክ አቅምን ይነካል። አንዳንድ ባለሙያዎች ይህን ሁሉ ለእኛ አገር የማይታሰብ ቅንጦት አድርገው ያዩታል። ሆኖም በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ የመካንነትና የሥነ ተዋልዶ ሕክምና ማዕከል በ2011 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል። እንቁላልና ሽል የሚቀመጡበት ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚቀዘቅዝ ፈሳሽ ናይትሮጂንም ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። በቃሊቲ የሚዘጋጀው የኮርማ ዘር በዚሁ ፈሳሽ ውስጥ ተይዞ ወደ ገጠር ይጓዛል። ክትባትን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ለመያዝ ከፍሪጅ ጋር የሚታገል ባለሙያ ደግሞ አንድ ልዩነት ሊያውቅ ይገባል፤ የናይትሮጂኑ ጋን ቅዝቃዜውን የሚይዘው በኤሌክትሪክ ሳይሆን ፈሳሹ እየተለካ ለዓመታት ሳይቋረጥ ሲሞላለት ነው። ጉባ ላይ የተገነባው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ ቢመረቅም ለወረዳዋ ሴት የሚያስፈልጋት ከመብራቱ በተጨማሪ እስከ ማዕከሉ የሚያደርስ የሪፈር ሰንሰለት ነው።

ሚዛናዊ ለመሆን የመመሪያውን ጥንቃቄም ማንሣት ተገቢ ነው። ኦቫሪን ለጊዜው የሚያሳርፈው የሆርሞን መርፌ የማቀዝቀዝ ምትክ እንዳይደረግ ይመክራል፤ የተረጋገጡት ዘዴዎች በማይቻሉበት ጊዜ ግን የጡት ካንሰር ላለባቸው ወጣት ሴቶች ሊሰጥ እንደሚችል የ2018ቱ እትም ይፈቅዳል። ከሩቅ ለሚመጡ ታካሚዎቻችን ይህ አንቀጽ ጠቃሚ ነው። ማቀዝቀዝ ራሱም ልጅ ለመውለድ ዋስትና አይሰጥም፤ ውጤቱ በእንቁላሎቹ ቁጥርና በሴቲቱ ዕድሜ ይወሰናል። ይህም ሳይሸሸግ ሊነገራት ይገባል።

ለሁለት አስርት ዓመታት ያህል በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ይሰጥ የነበረው የጨረር ሕክምና ዛሬ ጅማና ሐረር ደርሷል። ሕክምናው በተስፋፋ መጠን ከካንሰር ድነው ወደ ቤታቸው የሚመለሱ ወጣት ሴቶች ይበዛሉ። ከዳኑ በኋላ መውለድ እንደማይችሉ ሲያውቁ «ለምን አስቀድሞ አልተነገረኝም?» ብለው የሚጠይቁትም እኛኑ ነው። ስለዚህ የሙያ ማኅበራችን የመመሪያውን ፍሬ ሐሳብ ለወረዳ ባለሙያ በሚሆን አጭር የአማርኛ ጽሑፍ ቢያዘጋጅ፣ ሆስፒታሎችም በሪፈር ወረቀታቸው ላይ የመውለድ ፍላጎትን የሚጠይቅ አንድ መስመር ቢጨምሩ፣ ብዙ ወጪ ሳይጠይቅ ወዲያው ሊጀመር የሚችል ሥራ ይሆናል።