ባለሁለት ቀለሟ ጥንቸል፦ የኦቲዝም ሕይወት በቪዲዮ ጌም ውስጥ

ባለፈው ክረምት ሐዋሳ ፒያሳ ላይ ዝናብ ያዘኝና አንድ ጌም ቤት ገብቼ ተጠለልኩ። ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ፣ የፊፋው አስተላላፊ ጩኸት፣ ማዶ ካለው ሱቅ የሚያስተጋባው ሞንታርቦ፣ የባጃጁ ጡሩንባ ሁሉም በአንድ ላይ ነበር። ትልቁን ልጇን ልትወስድ የመጣች እናት ትንሹን በእጇ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። ዘጠኝ ዓመት ቢሆነው ነው። በሁለት መዳፉ ጆሮውን ደፍኖ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይወዛወዛል።

«የኔ ልጅ፣ እባክህ ድምፁን ትንሽ ቀንስልኝ» አለችው ቤቱን የሚጠብቀውን ወጣት።

«እሺ እናቴ» ብሎ ጭራሽ አጠፋው።

ከተጫዋቾቹ አንዱ ዞር ብሎ «ምን ሆኖ ነው?» ሲላት «ምንም አልሆነም፤ እንዲህ ነው» አለችው።

ኦቲዝምን ርዕሳቸው ያደረጉ ትንንሽ ጌሞችን ደግሜ ስጫወት ይህ ጥያቄና መልስ ከጆሮዬ አልጠፋ አለ። ትልልቅ ኩባንያዎች ሳይሆኑ አንድ ሰው ወይም ጥቂት ሰዎች በራሳቸው አቅም የሠሯቸው ናቸው። ገሚሶቹ «ምን ሆኖ ነው?» ለሚለው መልስ ሊሰጡ ይሞክራሉ። «እንዲህ ነው» የሚለውን ተቀብሎ ከዚያ የሚነሳ ግን ጥቂት ነው።

የመጀመሪያው ዓይነት ጥሩ ማሳያ ኦቲ-ሲም ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ታይላን ኬይና ባልደረቦቹ ካናዳ ቫንኩቨር ውስጥ በተካሄደ የፕሮግራም ሥራ ውድድር ላይ በሰዓታት ውስጥ ሠሩት። ተጫዋቹ የልጆች መጫወቻ ሜዳ ላይ ይቆማል፤ ልጆቹን በቀረበ ቁጥር ጩኸታቸው ይበረታል፣ ምስሉ ይበጣጠሳል፤ ሲርቅ ደግሞ ሁሉም ይረጋጋል። በዚያው ዓመት የወጣው የአሜሪካ ሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ አምስተኛ እትም ለድምፅ፣ ለብርሃንና ለመዳሰስ ከልክ ያለፈ ወይም ያነሰ ምላሽ መስጠትን ከኦቲዝም መለያዎች ተርታ አስገብቶ ነበርና ጌሙ የነካው ነገር እውነት ነው። ለእኔም መጀመሪያ ስጫወተው ልብ የሚያርድ ነበር። ነገር ግን ጩኸቱን ከሰጠን በኋላ ሌላ የሚሰጠን የለም። ዋናው ልጅ የሚወደው ነገር፣ የሚያስታውሰው ሰው፣ የሚያስቀው ጉዳይ አልተሰጠውም። ተጫዋቹ ለደቂቃዎች ተሠቃይቶ ገጹን ይዘጋና አዝኖ ይሄዳል። እንዲህ ያለው ሐዘኔታ ስለ ልጁ የሚነግረን በጣም ጥቂት ነው ብዬ አምናለሁ፤ በስሜት ሕዋሳቱ የሚሠቃይ ሰው በእነዚያው የሚደሰትበትም ጊዜ አለና።

ካናዳዊው ስቴፋን ካንታን እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው የማክስ ጌም ከዚህ ይሻላል፤ አባት የልጁን ውሎ ከቤት እስከ ትምህርት ቤት ስለሚተርክ ሳቅም ፍቅርም አለበት። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው አን አስፒ ላይፍ ደግሞ ራሱ ኦቲስቲክ የሆነ አውስትራሊያዊ ወጣት፣ ብራድሊ ሄንሲ፣ የሠራው መሆኑ ብቻውን ክብደት አለው።

ረዘም ላለ ጊዜ አብሮኝ የቆየው ግን ካን ጋዎ እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣው ቱ ዘ ሙን ነው። ጌሙ ውስጥ «ኦቲዝም» የሚል ቃል አይነሳም፤ ፍንጩ ሐኪም እንዲነበብ የሚመክረው የኦቲዝም ባለሙያው የቶኒ አትውድ መጽሐፍ ነው። ጆኒ የሚባል ሽማግሌ ሊሞት ተቃርቧል። የመጨረሻ ምኞቱ ጨረቃ ላይ መውጣት ሲሆን ለምን እንደሚመኘው ግን ራሱም አያውቅም። ሁለት ሐኪሞች ወደ ትዝታው ገብተው ከእርጅናው ወደ ልጅነቱ ይጓዛሉ፤ እኛም አብረናቸው እንሄዳለን። ከእሱ በፊት የሞተችው ሚስቱ ሪቨር የወረቀት ጥንቸል ስታጣጥፍ ኖራለች። ቤቱ በጥንቸል ተሞልቷል። ከሁሉም አንዷ ባለሁለት ቀለም ናት፤ ሰማያዊና ቢጫ። ሪቨር ይህችን ለባሏ ታሳየውና ምን እንደምትመስል እንዲነግራት ትጠይቀዋለች። እሱ ቀለሟን ይነግራታል። እሷ ሌላስ ትለዋለች። ደግሞ ሌላስ። እሱ ግራ ይገባዋል፤ እኛም ከእሱ ጋር ግራ ይገባናል፣ ሴትዮዋ አንድ ነገር ላይ ተቸክላ የቀረች ይመስለናል።

ከሰዓታት በኋላ ልጅነቱ ላይ ስንደርስ ጆኒና ሪቨር፣ ሁለቱም ልጆች ሆነው፣ ሌሊት ጎን ለጎን ተቀምጠው ሰማይ ያያሉ። ከዋክብቱን በዓይናቸው እያገናኙ ጥንቸል ይሠራሉ፤ ጆሮዋና እግሯ ኮከብ፣ ሆዷ ሙሉዋ ጨረቃ። ከተጠፋፋን ጨረቃ ላይ እንገናኛለን ብለው ይለያያሉ። ጆኒ ወንድሙ ከሞተ በኋላ በተሰጠው መድኃኒት ምክንያት ያን ዘመን ረስቶታል። ሪቨር ግን አልረሳችም። ሰማያዊው የሌሊቱ ሰማይ፣ ቢጫው ጨረቃ ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ ስትናገር ነበር ማለት ነው፤ ያልሰማው እሱ ነው፣ ያልሰማነውም እኛ ነን።

የጌሙ ጥበብ እዚህ ላይ ነው። ተጫዋቹን ኦቲዝም ያለበትን ሰው አስመስሎ አያስቀምጠውም፤ ያልገባው ሰው ቦታ ላይ ያስቀምጠውና የስህተቱን ዋጋ ያሳየዋል። ራሱ ኦቲስቲክ የሆነው እንግሊዛዊው የሶሲዮሎጂ ምሁር ዴሚየን ሚልተን እ.ኤ.አ. በ2012 ያቀረበው ሐሳብም ከዚህ ጋር ይገጥማል፦ አለመግባባቱ የአንድ ወገን ጉድለት አይደለም፣ ሁለቱም ወገኖች አንዳቸው የሌላውን ዓለም ማንበብ ይሳናቸዋል።

ቅሬታዬን ግን አልሸሽግም። ሪቨር ታሪኩ ሲጀመር ሞታለች። የምናያት በባሏ ትዝታ ብቻ ነው፤ አንድም ጊዜ በእሷ ሆነን አንጫወትም። ይባስ ብሎ የጆኒን ምኞት ለመፈጸም ሐኪሟ ኢቫ ሪቨርን ከትዝታው ታወጣታለች። ባልደረባዋ ኒል ይቃወማል፤ ድርጊቱ ግን ይፈጸማል። ሌላዋ ኢዛቤል፣ እንደ ሪቨር ያለች ሴት፣ ከልጅነቷ ጀምራ «ጤነኛ» መስሎ መታየትን ተምራ ተዋናይ ሆናለች፤ ማስመሰሏን ለማቆም አለመቻሏን ስትናገር ጌሙ ለአፍታ ሌላ በር ይከፍትና ወዲያው ይዘጋዋል። እኔ በዚያ በር መግባት እፈልግ ነበር።

ይህን ሁሉ ወደ አገራችን ሳመጣው የሚታወሱኝ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ናቸው። ልጃቸውን ጆጆን የሚቀበል ትምህርት ቤት ሲያጡ እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ፤ ለልጆቹ ንግግር ማስተማሪያም ከፊደላችን ድምፆች የተነሳ አቡጊዳ ፎነቲክስ የሚባል ዘዴ ቀየሱ። ዛሬ በሕይወት የሉም። ልጁ ወደ እኛ ቋንቋ እስኪመጣ ቆመው አልጠበቁም፤ ቋንቋውን ድምፅ በድምፅ ፈትተው ይዘውለት ሄዱ። እንዲህ ያለው ጥረት ከምን ጋር እንደሚታገል ለማወቅ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት ይረዳል። አዲስ አበባ ውስጥ የዕድገት ችግር ያለባቸው ልጆች ያሏቸው 102 ተንከባካቢዎች ተጠይቀው 45 ከመቶ ያህሉ በልጃቸው ሁኔታ እንደሚያፍሩ፣ ከአራት አንድ የሚበልጡት ደግሞ ሁኔታውን ለመደበቅ እንደሚጥሩ ተናግረዋል። እርግማን ነው፣ ልክፍት ነው በሚባልበት ሰፈር ልጅን ይዞ አደባባይ መውጣት ቀላል አይደለም። ያቺ እናት በዚያ ዝናብ «እንዲህ ነው» ያለችው ይህን ሁሉ ተሸክማ ነው።

ድምፁ ከጠፋ በኋላ ልጁ መዳፉን ከጆሮው አነሳ። ቀስ ብሎ ወደ ወንድሙ ሄደና ጉንጩን ጆይስቲኩን በያዘው እጅ ላይ አሳረፈ። ተጫዋቾች ሲጋጩ ጆይስቲኩ ይንቀጠቀጣል። በተንቀጠቀጠ ቁጥር ልጁ ዓይኑን ጨፍኖ ይስቃል። ትልቁ እየመራ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ኳሱን ትቶ የተጋጣሚውን ተጫዋቾች እየተንሸራተተ መጥለፍ ጀመረ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ቢጫ ካርድ፣ ቀይ ካርድ። ጓደኛው «አንተ፣ ምን እየሠራህ ነው?» ብሎ ጮኸበት። ዝናቡ አባርቶ ስወጣ አራት ለአንድ እየተመራ፣ ትንሹ ጉንጩን ከእጁ ሳያነሳ፣ ገና ይጠልፍ ነበር።