በወላጆች ድካም የተሸፈነ ጉድለት፤ ስለ ትንንሽ የቻይንኛ ትምህርት ቤቶች የሒሳብ አያያዝ

የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ እ.ኤ.አ. በ1965 ከተሻሻለ ወዲህ፣ የቻይና ተወላጅ ወላጆች ልጆቻቸው ቋንቋቸውን እንዳይረሱ በማሰብ በየከተማው የቅዳሜና የእሑድ ትምህርት ቤቶችን በብዛት አቋቁመዋል። እነዚህ ለትርፍ ያልቆሙ ትምህርት ቤቶች አብዛኛውን ጊዜ የራሳቸው ሕንፃ ስለሌላቸው የመንግሥት ትምህርት ቤት ክፍሎችን ይከራያሉ፤ ከመምህራኑም ብዙዎቹ ራሳቸው ወላጆች ናቸው። ከቤይጂንግ ወይም ከታይዋን መንግሥት መጻሕፍት በነፃ ያገኙም አሉ። ዓላማቸው የሚያስመሰግን መሆኑ አያጠያይቅም፤ የምንነቅፈው የሒሳብ አያያዛቸውን ነው።

ነገሩን በምሳሌ እንመልከተው። 80 ተማሪዎች ያሉት ትምህርት ቤት ከእያንዳንዱ በዓመት 400 ዶላር ቢያስከፍል ገቢው 32,000 ዶላር ይሆናል። 8 መምህራን ለ30 ሳምንታት፣ በሳምንት 2 ሰዓት፣ ሰዓቱን በ30 ዶላር ቢያስተምሩ 14,400 ዶላር ይከፈላቸዋል። የክፍል ኪራይ 12,000፣ መድንና የጽሕፈት መሣሪያ 3,600 ሲታከልበት ወጪው 30,000 ይሆንና 2,000 ዶላር ይተርፋል። ጠቅላላ ጉባኤውም ይህንኑ ሰምቶ በደስታ ይለያያል። ይሁን እንጂ ርእሰ መምህሩና ገንዘብ ያዡ ያለ ደመወዝ በድምሩ 400 ሰዓት ሠርተው ቢሆንና ሰዓቱ በ20 ዶላር ቢተመን 8,000 ዶላር ይሆናል። እንግዲህ ትርፍ የተባለው በእውነቱ የ6,000 ዶላር ጉድለት ነው።

የአገሩ የግብር ደንብም ይህን አያጋልጥም። ዓመታዊ ገቢያቸው በተለምዶ ከ50,000 ዶላር የማይበልጥ ማኅበራት የሚያቀርቡት አጭር የኤሌክትሮኒክ ማስታወቂያ የገቢና የወጪ ዝርዝር አይጠይቅም። 3 ዓመት በተከታታይ ሳያቀርብ የቀረ ማኅበር ግን ከግብር ነፃ የመሆን መብቱን ያጣል። ይህን ቀን ቆጥሮ የሚያስታውሰው ያው ደመወዝ የሌለው ገንዘብ ያዥ ነው። ልጁ ትምህርቱን ሲጨርስ ግን አባትም ይሰናበታል፤ ተተኪ ካልተገኘ ትምህርት ቤቱ ይናጋል።

ክፍያው ቢጨመር ችግረኛው ቤተሰብ ይቀራል የሚሉ ወገኖች ስጋታቸው ተገቢ ነው። ቢሆንም ወጪን መሸፈን መፍትሔ አይሆንም። ያለ ክፍያ የተሠራው ሰዓት ተመዝግቦና ተተምኖ ከሒሳቡ ጋር ለወላጆች ይቅረብ፤ የአንድ መንፈቅ ዓመት ኪራይና ደመወዝ የሚሸፍን መጠባበቂያ ይቀመጥ፤ ክፍያ ከተጨመረም ከጭማሪው ከፊሉ ለችግረኞች ይመደብ። በዚያው አገር ልጆቻቸውን በሳምንቱ መጨረሻ አማርኛ የሚያስተምሩ ወገኖቻችንም፣ ያሉበት ሁኔታ ተመሳሳይ ስለሆነ፣ ቢያስቡበት ይጠቀማሉ።