ስለ «ቤት» እና ስለ «አብያት»

ከጎንደር የተላከልንን አንድ ጽሑፍ ስናርም፥ ጸሓፊው «ቤተ ክርስቲያኖች» ያለውን ሠርዘን «አብያተ ክርስቲያናት»፥ «መጻሕፍት ቤቶች» ያለውንም ሠርዘን «አብያተ መጻሕፍት» ብለን መለስንለት። እርሱም በትሕትና፥ ነገር ግን በብርቱ ቃል፥ በመጀመሪያው እርማት አማርኛውን፥ በሁለተኛው ደግሞ እውነቱን እንዳጠፋንበት ገለጠልን። ነገሩን መርምረን ጥፋቱ የእኛ መሆኑን ስላወቅን፥ ምክንያቱን ለአንባቢዎቻችን ማስረዳት ይገባናል።

«ቤት» የሴም ልሳኖች የጋራ ሀብት ነው። አካዳውያን «ቢቱ»፥ ዕብራውያን «ባይት»፥ ሶርያውያን «ባይታ»፥ ዐረቦችም «በይት» ብለውታል። በግእዝ «ቤተ»፥ በዐረብኛም «ባተ» ማለት አደረ ማለት ስለሆነ፥ የቃሉ ዝምድና ከግድግዳና ከጣራ ይልቅ ከማደር ጋር ነው። ሕፃናት «አልፍ፥ ቤት፥ ገምል» እያሉ ሲቈጥሩ የሚጠሩት ይህንኑ ቤት ነው፤ የግሪኮች «ቤታ»ም ከዚሁ የፊደል ስም የመጣ ነው። ብዙ ቁጥሩን ግእዝና ትግረ «አብያት»፥ ትግርኛ «ኣባይቲ» ይሉታል። ዐረብኛ ደግሞ ሰው የሚኖርበትን ቤት ሲያበዛ «ቡዩት»፥ የግጥሙን ቤት ሲያበዛ «አብያት» ይላል። የእኛ ባለቅኔም ጉባኤ ቃናን ባለ ሁለት ቤት ብሎ ሲቈጥር፥ ገጣሚውም «ቤት መታልኝ» ሲል ከዚያው አሳብ ይገናኛሉ። የሐረር ከተማ ልሳን ግን ቤትን «ጋር» ብሎ ከዚህ ወገን ይለያል።

ቃሉ አንድ ሲሆን አሰላለፉ ይለያያል፤ ክርክራችንም በዚህ ላይ ነው። ግእዝ ቤቱን አስቀድሞ፥ ሳድሱን «ት» ወደ ግእዙ «ተ» ለውጦ፥ «ቤተ መንግሥት» ይላል። ትግርኛም «ቤት ትምህርቲ» ሲል ቤቱን ያስቀድማል። አማርኛ ግን ቤቱን ወደ ኋላ ያሳልፋል፦ ትምህርት ቤት፥ ፍርድ ቤት፥ ወጥ ቤት፥ ማተሚያ ቤት፥ ይህን መጽሔት የሚያወጣው መሥሪያ ቤትም ራሱ። ይህን ልማድ አማርኛ ከኩሽ ልሳኖች፥ ይልቁንም ከአገው፥ እንደ ወረሰው ብዙ የቋንቋ ሊቃውንት ያምናሉ። በጭልጋና በአካባቢው ዛሬ ጥቂት ሽማግሌዎች ብቻ የሚናገሩት ቅማንትኛ ከእነዚህ የአገው ልሳኖች አንዱ ነው። ስለዚህ «ትምህርት ቤት» በሚለው በአንዱ ስም ውስጥ ቃላቱ የሴም፥ አሰላለፋቸው የዚያ የደጋ አገር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በጎንደር ይህ ልዩነት በዐይን ይታያል። ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. በቈረቈሯት ከተማ፥ በግንቡ ቅጥር ውስጥ፥ በልጃቸው በጻድቁ ዮሐንስ (1660-1674 ዓ.ም.) ስም የሚጠራ ቤተ መጻሕፍት ቆሞ ይገኛል። ይህ የመጻሕፍት ማኖሪያ ነው። መጻሕፍት ቤት ግን ሌላ ነው፤ ተማሪው ከመምህሩ እግር ሥር ተቀምጦ የብሉዩን፥ የሐዲሱን፥ የሊቃውንቱንና የመነኮሳቱን ትርጓሜ የሚሰማበት ጉባኤ ነው። ግንብ አይሻም፤ የዛፍ ጥላና የተማሪ ጎጆ ይበቃዋል። ሁለቱ ቃላት እነዚያው ናቸው፤ የተለወጠው ማን እንደ ቀደመ ብቻ ነው። እኛ ግን ግእዙን ያከበርን መስሎን፥ ተማሪውን ከነኰቸሮው ከጉባኤው አንሥተን በንጉሥ መደርደሪያ ላይ አስቀመጥነው።

ወደ መጀመሪያው እርማት እንመለስ። «ቤተ መንግሥቱን ጐበኘን» ብሎ የጻፈን ሰው ማንም አይነቅፈውም። የተጐበኘው ቤቱ ነው፤ «ን» የተባለችው የአማርኛ ምልክት ግን የተለጠፈችው በመንግሥት ላይ ነው። አማርኛ ሁለቱን እንደ አንድ ቃል ስለሚሰማቸው ምልክቱን ከመጨረሻ ያኖራል። «ን» ከተፈቀደላት «ኦች» ስለ ምን ትከለከላለች? «ቤተ ሙከራ» በቅርብ ዘመን በግእዝ ሥርዐት የተቀመረ ስም ሲሆን፥ ስናበዛው «ቤተ ሙከራዎች» እንላለን፤ «አብያተ ሙከራ» ለጆሮ እንግዳ ነው። «ቤተ ክርስቲያኖች» የክርስቲያኖችን ቤት ያሰማል የሚል ተከራካሪ ይነሣ ይሆናል። እንዲህ ብሎ የተረዳ አማርኛ ዐዋቂ ግን እስካሁን አላጋጠመንም።

«አብያተ ክርስቲያናት» ከጽሑፍ ይውጣ አንልም፤ በስብከትና በታሪክ መጽሐፍ ክብሩን ይዞ ይኑር። ሊታረም የሚገባው «አብያተ ክርስቲያናቶች» ነው። እንደ «መጻሕፍቶች»ና እንደ «ሊቃውንቶች»፥ በግእዝ የበዛውን በአማርኛ እንደ ገና ያበዛዋልና። የሚያሳዝነው፥ ይህ ስሕተት የሚታየው ግእዝ ካልተማረው ባላገር ዘንድ ሳይሆን በግእዝ ሊያጌጥ ከሚሻው ጸሓፊ ብዕር መሆኑ ነው።

የጎንደሩ ወዳጃችን ጽሑፍ በሚመጣው ወር «ቤተ ክርስቲያኖች»ና «መጻሕፍት ቤቶች» እንዳሉ ይወጣል። በሦስተኛው ገጽ «አድባራቶች» ያለውን ግን፥ ይቅር ይበለንና፥ ሠርዘነዋል።