ሆስቱ ማንን ይጠይቅ?

ኢኤስኤክስአይ የተጫነበት ሆስት ላይ ዲኤንኤስ በትእዛዝ መስመር ማስተካከል የደቂቃ ሥራ ነው። በኤስኤስኤች መግባት፣ «ኢኤስኤክስሲኤልአይ ኔትወርክ አይፒ ዲኤንኤስ ሰርቨር ሊስት» ብሎ ያለውን ማየት፣ ከዚያ በ«አድ» አዲሱን መጨመር። እኔ ግን «ሊስት» ላይ ቆም እላለሁ። የሚመጣው መልስ አንድ መስመር ነው፤ አድራሻዎቹ በነጠላ ሰረዝ ተለይተው ተሰልፈዋል። ነገሩ ያለው ሰልፉ ላይ ነው። «አድ» አዲሱን ከኋላ ያስገባዋል እንጂ ፊት አያመጣውም። አሮጌው አድራሻ በ«ሪሙቭ» እስካልወጣ ድረስ ቀድሞ የሚጠየቀው እሱ ነው።

ሁለተኛው አድራሻ ብዙ ጊዜ የጎግል 8.8.8.8 ሆኖ አገኘዋለሁ። «መጠባበቂያ ነው» ይሉኛል። ምኑ ነው መጠባበቂያ? ሆስቱ ወደ ሁለተኛው የሚያልፈው የመጀመሪያው ዝም ሲለው ነው፤ «እንዲህ የሚባል ስም የለም» ከተባለ ግን አምኖ ይተዋል። የውስጡ ዲኤንኤስ ለአፍታ ዝም ቢል ጥያቄው ጎግል ዘንድ ይደርሳል፤ ጎግል የመሥሪያ ቤቱን የውስጥ ስሞች ከየት አውቆ? «የለም» ይላል። ደህና እየሠራ ያለው ቪሴንተር እንደሌለ ይቆጠራል። ሁለተኛውም የውስጥ ስሞችን የሚያውቅ ይሁን፤ ካልተገኘ አንዱ ብቻውን ይሻላል።

ከዚህ የሚብሰው ዲኤንኤሱ ራሱ እዚያው ሆስት ላይ የሚሠራ ቨርችዋል ማሽን ሲሆን ነው። መብራት እስካለ ማንም ልብ አይለውም። መብራት ጠፍቶ፣ ዩፒኤሱም አልቆበት ሁሉም እንደገና ሲነሣ ሆስቱ የኤንኤፍኤስ ማከማቻውን በስም ይፈልጋል፤ የስሙን አድራሻ የሚነግረው ማሽን ደግሞ የተቀመጠው እዚያው ማከማቻ ውስጥ ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ማከማቻውን በአይፒ ቁጥር ማገናኘት አያሳፍርም። ግን በሁሉም ሆስቶች ላይ እኩል መሆን አለበት፤ አንዱ በስም ሌላው በቁጥር ካገናኘው ቪሴንተር ሁለት የተለያየ ማከማቻ አድርጎ ይወስደዋል።

ፍተሻው በ«ኤንኤስሉክአፕ» ነው፦ ስም ሰጥቶ ቁጥሩን፣ ቁጥር ሰጥቶ ስሙን። ሁለተኛውን ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ ቪሴንተርን በሙሉ ስሙ ለመጫን ሲመጣ ግን ጫኚው ያስቆመዋል። የማኔጅመንት ኔትወርኩ አድራሻውን ከዲኤችሲፒ የሚወስድ ከሆነም ቀድሞ ወደ ቋሚ አድራሻ ይዛወር፤ አለዚያ በእጅ የገባውን ዲኤንኤስ ዲኤችሲፒው መልሶ ሊለውጠው ይችላል።